በደጋ አገር ኃይለኛ ኮምፒዩተር ስለ መገጣጠምና ስለ ማቀዝቀዝ

ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ እየተመላለስን የምንማር ተማሪዎች ኃይለኛ ኮምፒዩተር ልንገጣጥም አስበናል ባልን ቁጥር ከጓደኞቻችን የምንሰማው መልስ አንድ ዓይነት ነው። «የእናንተ አገር ብርድ ነው፤ ማቀዝቀዣ ምን ያደርግላችኋል? መስኮቱን መክፈት ብቻ ነው» ይሉናል። ይህ አነጋገር ለጨዋታ ያህል መልካም ነው። ዕውቀት ነው ብሎ የተቀበለው ሰው ግን፥ እኛም እንደ ተቀበልነው፥ ብዙ ገንዘብ ያወጣበትን መሣሪያ ከኃይሉ በታች እያሠራ ሳምንታት ያሳልፋል።

እርግጥ ነው፥ ብርዱ አለ። ዳሩ ግን ብርዱን ወደ ፕሮሰሰሩ የሚያደርሰው አየር ነው፤ የደጋ አየር ደግሞ ስስ ነው። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ደጋው የሚሰጠንንና የሚነሣንን በቁጥር አመልክቶ፥ ጥቂት ገንዘብ ያለው ተማሪ ያንን ገንዘብና ድካሙን በየትኛው ቅደም ተከተል ቢያውለው እንደሚጠቀም ማስረዳት ነው።

ሀ. ነገሩ ስለ ምን ያሳስበናል

አንዳንድ አንባቢ «ይህ የሀብታም ልጆች ጨዋታ አይደለምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በቀለማት የሚያበራ ኬዝ ገዝቶ ለመታየት ብቻ በጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ በእርግጥ ጨዋታ ነው። ነገር ግን የሕንፃ ጥንካሬ የሚያሰላ የምሕንድስና ተማሪ፥ የሳተላይት ፎቶግራፍ እየመረመረ የእርሻ መሬትን የሚያጠና፥ ወይም ኮምፒዩተር አማርኛና አፋን ኦሮሞ እንዲያነብ የሚያስተምር ተማሪ ሥራውን በተራ ላፕቶፕ ሲሞክረው ሌሊቱን ሙሉ አድሮ እንኳ አያልቅለትም። እኛ ዕቁብ ጥለን አንድ መሣሪያ ለብዙ ሰው እንዲያገለግል የተነሣነው ስለዚህ ነው።

ገንዘቡም ቀላል አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተወሰነ በኋላ፥ ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ ደግሞ በዶላር የሚገዙ ዕቃዎች ናቸው። በአዲስ አበባ ሱቆች ያልተገኘው ዕቃ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ እስኪደርስ ይጠበቃል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ አንዲት የአገጣጠም ስሕተት የአንድ ሴሚስተር ሥራ ልታስቀር ትችላለች።

ለ. ሙቀቱ ከየት ይመጣል

ፕሮሰሰር የሚወስደው ኤሌክትሪክ ሁሉ በመጨረሻ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ይህ ከጥንት የነበረ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 በአሜሪካ ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ የተባለው ኮምፒዩተር 18,000 ያህል የብርጭቆ ቱቦዎች የነበሩትና 150 ኪሎ ዋት ገደማ የሚወስድ ሲሆን፥ ሙቀቱ በትልልቅ የአየር መንፊያዎች እየተገፋ ይወጣ ነበር። አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይወስዳል ብንል፥ ኤኒያክ ማለት በአንድ አዳራሽ ውስጥ ባንድ ጊዜ የተጣዱ ከ40 በላይ ምጣዶች ማለት ነው።

የዛሬው ፕሮሰሰር በጠቅላላው ከአንድ ምጣድ እጅግ ያነሰ ኤሌክትሪክ ይወስዳል። ለምሳሌ 16 ኮር ያለው ራይዘን 9 9950ኤክስ በወረቀት ላይ 170 ዋት ቢባልም በሙሉ ሥራ ጊዜ እስከ 230 ዋት ይወስዳል። የኢንቴል ኮር አይ9 14900ኬ ደግሞ እስከ 253 ዋት ይደርሳል። አስቸጋሪው ነገር የሙቀቱ ብዛት ሳይሆን የሚወጣበት ስፍራ ጥበት ነው። ምጣዱ 58 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው፥ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር የሚወጣው ሙቀት 1.3 ዋት ያህል ነው። በራይዘኑ ውስጥ የሚያስቡት ሁለት የሲሊኮን ቁራጮች ግን ሁለቱም ተደምረው 1.4 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ ናቸው። ከነዚህ የሚወጣው 150 ዋት ብቻ ነው እንበል፤ በካሬ ሳንቲ ሜትር ከ100 ዋት በላይ ይሆናል። ይህም እንጀራ ከሚጋግረው ምጣድ 80 እጥፍ ያህል የተጨመቀ ሙቀት ነው።

ብዙ ሰው «ያልቀዘቀዘ ፕሮሰሰር ይቃጠላል» ብሎ ይፈራል። እውነቱ ከዚህ ይለያል። የዛሬ ፕሮሰሰር የራሱን ሙቀት በየቅጽበቱ እየለካ፥ ራይዘኑ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ኢንቴሉ 100 ዲግሪ ሲደርስ ፍጥነቱን በገዛ እጁ ይቀንሳል። ባለቤቱም መሣሪያው ስላልጠፋ ደኅና የሠራለት ይመስለዋል። ስለዚህ የሙቀት ጉዳት ድምፅ የሌለው ሌባ ነው፤ የ6 ሰዓቱን ሥራ 9 ሰዓት ያደርገውና የኤሌክትሪኩን ሂሳብ ጨምሮ ይሄዳል።

አንድ ሕግ እዚህ ላይ ማስታወስ ያስፈልጋል። ፕሮሰሰር በሥራ ላይ የሚያወጣው ሙቀት ከፍጥነቱ ጋር እኩል ይጨምራል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬው ይጨምራል። ፍጥነቱ ሳይነካ ቮልቴጁ በ10 ከመቶ ቢቀነስ ይህ ሙቀት በ19 ከመቶ ይቀንሳል። ወደዚህ ሕግ በኋላ እንመለሳለን።

ሐ. የደጋ አየር የሚሰጠንና የሚነሣን

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም የአየር ጠባያቸው እንደ ከፍታቸው ይለያያል። ከፍታቸው በግምት፥ ከዚያም የሚከተለው የአየር ግፊትና ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በስሌት ይህን ይመስላል።

ሰበታ፤ ከፍታ 2,350 ሜትር፤ ግፊቱ ከባሕር ጠረፍ 75 ከመቶ፤ ውሃ በ92 ዲግሪ ይፈላል።
ቡራዩ፤ ከፍታ 2,600 ሜትር፤ ግፊቱ 73 ከመቶ፤ ውሃ በ91 ዲግሪ ተኩል ይፈላል።
ሱሉልታ፤ ከፍታ 2,700 ሜትር፤ ግፊቱ 72 ከመቶ፤ ውሃ በ91 ዲግሪ ይፈላል።

ባቄላ በደጋ ለመብሰል ረጅም ጊዜ የሚፈጅበት ምክንያት ይኸው ነው። ይህንኑ ቁጥር ወደ ኮምፒዩተር እናምጣው። ፋን በደቂቃ የሚገፋው የአየር ስፋት በባሕር ጠረፍም ሆነ በሱሉልታ ያው ነው፤ የሚገፋው አየር ክብደት ግን በሱሉልታ ከሩብ በላይ ያንሳል። ሙቀትን ተሸክሞ የሚወጣው ደግሞ የአየሩ ክብደት እንጂ ስፋቱ አይደለም።

ሯጮቻችን በሱሉልታ ሜዳ የሚለማመዱት በስስ አየር ውስጥ የቆየ ሰውነት ቀይ የደም ሕዋሶችን ጨምሮ ራሱን ስለሚያስተካክል ነው። ፋን ግን ደም የለውም። ለእሱ ያለው አንድ መንገድ ፈጥኖ መዞር ነው። በባሕር ጠረፍ በደቂቃ 1,200 ጊዜ የሚዞር ፋን በሰበታ ያንኑ የአየር ክብደት ለመግፋት 1,600 ጊዜ መዞር አለበት። ደግነቱ ስስ አየር ፋኑን ብዙ አይከለክለውም።

አሁን ነገሩን በምሳሌ እንመዝነው። ሙቀት ከሲሊኮኑ ተነሥቶ ወደ ክፍሉ አየር እስኪደርስ ሁለት መንገዶች ያልፋል። የመጀመሪያው ከሲሊኮኑ እስከ ማቀዝቀዣው መዳብ ያለው ሲሆን፥ ሁለተኛው ከመዳቡ በማቀዝቀዣው ክንፎች በኩል ወደ አየር የሚወጣበት ነው። በባሕር ጠረፍ የመጀመሪያው መንገድ 20 ዲግሪ፣ ሁለተኛው 30 ዲግሪ ልዩነት ይጠይቃል እንበል፤ ድምሩ 50 ዲግሪ ነው። በሱሉልታ ከፍታ ሁለተኛው መንገድ በ20 ከመቶ ያህል ይከብዳል፤ 30ው 36 ይሆናል። የመጀመሪያው ግን ብረት ለብረት ስለ ሆነ ከፍታን አያውቅም፤ 20 እንደ ሆነ ይቀራል። ድምሩ 56 ዲግሪ ነው።

በጅቡቲ ወደብ አጠገብ ያለ ክፍል 35 ዲግሪ ቢሆን ፕሮሰሰሩ 85 ዲግሪ ይደርሳል። ሱሉልታ ክፍሉ 18 ዲግሪ ቢሆን 74 ዲግሪ ይሆናል። እንግዲህ ደጋው 17 ዲግሪ ሰጥቶን 6 ዲግሪ ወሰደብን፤ 11 ዲግሪ ተረፈን ማለት ነው። የአሜሪካ የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር፥ አሽሬ የሚባለው፥ ለኮምፒዩተር አዳራሾች ባወጣው መመሪያ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ ከተፈቀደው የአየር ሙቀት ጣሪያ 1 ዲግሪ እንዲቀነስ ይጠይቃል። ለሱሉልታ ሲሰላ 6 ዲግሪ ይሆናል፤ ከምሳሌያችንም ጋር ይስማማል።

ስለዚህ ከፍታው የሚያስፈራ አይደለም። ነገር ግን ይህ 11 ዲግሪ ትርፍ በቀላሉ የሚባክን ነው። የመጀመሪያው መንገድ በመጥፎ አገጣጠም ቢበላሽ 20 ዲግሪው 40 ሊሆን ይችላል፤ ኬዙ አየር የማያስገባ ቢሆን በውስጡ ያለው አየር ከክፍሉ በ10 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። የደጋን ብርድ ስጦታ የሚያጠፋው እንግዲህ ከተራራው ይልቅ የገጣጣሚው እጅ ነው።

መ. በአየር ይቀዝቅዝ ወይስ በውሃ?

በዛሬ ጊዜ ሁለት ዓይነት ማቀዝቀዣ አለ። አንደኛው ከመዳብ ቱቦዎችና ከአሉሚኒየም ክንፎች ተሠርቶ ፋን የተገጠመለት የአየር ማቀዝቀዣ ነው። ሁለተኛው በፓምፕ ፈሳሽ እያዞረ ሙቀቱን በራዲያተር የሚያስወጣው የውሃ ማቀዝቀዣ ነው።

«ውሃ በሱሉልታ በ91 ዲግሪ የሚፈላ ከሆነ በመዳብ ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ እንዴት ይሆናል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ ደስ የሚያሰኝ ነው። ቱቦው አየሩ ተመጥጦ ከወጣ በኋላ በጥቂት ውሃ የታሸገ ስለ ሆነ ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ይተናል፤ እንፋሎቱ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ሮጦ ሙቀቱን ያራግፍና እንደገና ውሃ ሆኖ በቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ እንደ ኩራዝ ክር እየተሳበ ይመለሳል። ጀበና አፉ ክፍት ስለ ሆነ የተራራውን ግፊት ይቀበላል፤ የታሸገው ቱቦ ግን ሰበታ ይሁን ጅቡቲ አያውቅም። ይህን የሙቀት ቱቦ ጆርጅ ግሮቨር የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1963 ሠርቶ ያሳየው በአሜሪካ በሎስ አላሞስ ሲሆን፥ ያች ከተማ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት።

የውሃ ማቀዝቀዣም ቢሆን ከስስ አየር አያመልጥም። ፈሳሹ ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ ራዲያተሩ ያጓጉዘዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ያው የደጋ አየር ነው። ጥቅሙ የራዲያተሩ ክንፎች ሰፊ መሆናቸውና ሙቀቱን በቀጥታ ከኬዙ ማስወጣቱ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ፓምፑ የሚያልቅ ዕቃ መሆኑ፥ ፈሳሹም በዓመታት ውስጥ በጎማው በኩል እየተነነ መጉደሉ ነው። የአየር ማቀዝቀዣ ግን የሚበላሽበት ፋኑ ብቻ ነው፤ ፋን ደግሞ በትንሽ ገንዘብ ይለወጣል። እኛ ስንመዝነው ለከተሞቻችን የሚሻለው ሁለት ግንብ ያለው ትልቅ የአየር ማቀዝቀዣ ነው፤ የሚተርፈውንም ገንዘብ ዩፒኤስ መግዛት ነው። ለዚህ ሐሳብ የበቃነው ግን በጥበብ ሳይሆን በስሕተት ነው፤ ታሪኩም እንደሚከተለው ነው።

ሠ. የአገጣጠም ሥርዓት

መሣሪያችንን በመጀመሪያ ያስነሣነው በሱሉልታ በአንድ ጓደኛችን ቤት በኅዳር ወር ነበር። ሌሊቱ እጅግ ይበርድ ነበርና መስኮቱን ከፍተን ጋቢ ለብሰን ተቀመጥን። ሥራ ስንሰጠው ግን ሙቀቱ በሰኮንዶች ውስጥ 95 ዲግሪ ደረሰ፤ ፍጥነቱም ወዲያው ወደቀ። ግማሾቻችን «ስስ አየር ነው» አልን፤ ግማሾቻችን «የውሃ ማቀዝቀዣ ካልተገዛ አይሆንም» አልን፤ የሚቀጥለውን ዕቁብ ለዚሁ ለማዋልም ተስማማን። ሦስት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። በመጨረሻ ማቀዝቀዣውን ለመመለስ ስንፈታው ከመዳቡ ሥር፥ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚለጠፍበት ቀጭን ፕላስቲክ ሳይላጥ ተገኘ። ውጭ ያለው ብርድ ሁሉ ከአንዲት ላስቲክ ማለፍ አልቻለም ነበር። ላስቲኩን ላጥነው፤ የዕቁቡ ገንዘብም ተረፈ።

ከዚህ ተምረን ሥራውን በሚከተለው ቅደም ተከተል እናከናውናለን።

1ኛ፤ ከበጋው ወራት ደረቅ አየር የተነሣ በሰውነት ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ዕቃ ሊጎዳ ስለሚችል፥ ራምም ሆነ ማዘርቦርድ ከመንካት በፊት የኬዙን ብረት መንካት። የሱፍ ሹራብና ብርድ ልብስ ከሥራው ጠረጴዛ ይራቁ።

2ኛ፤ ፕሮሰሰሩን በስፍራው ማስቀመጥ እንጂ አለመጫን። በአዲሱ ራይዘን መቀመጫ ላይ 1,718 ቀጫጭን መርፌዎች አሉ። አንዲት ከተጣመመች ማዘርቦርዱ ሊበላሽ ይችላል።

3ኛ፤ ላስቲኩን መላጥ። ይህን በወረቀት ጽፎ ጠረጴዛው ላይ መለጠፍ አያሳፍርም።

4ኛ፤ ተርማል ፔስት በመካከል የአተር ፍሬ፥ በአራቱ ማዕዘን የምስር ፍሬ ታህል ማኖር። የፔስት ጥቅሙ በሁለቱ ብረቶች መካከል የቀረውን አየር ማስወጣት ነው። ሙቀት በመዳብ ውስጥ ከአየር 15,000 እጥፍ ያህል በቀለለ ሁኔታ ያልፋል፤ ፔስት በሁለቱ መካከል የሚገኝ ነው። ስለዚህ ማነሱ እንደሚጎዳ ሁሉ መብዛቱም አይጠቅምም።

5ኛ፤ ብሎኖቹን አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው አለመሄድ፤ በየተራ ጥቂት ጥቂት እያጠበቁ እኩል ማድረስ።

6ኛ፤ የአየሩን መንገድ ማቅናት። ቀዝቃዛው አየር ከፊትና ከሥር ይግባ፤ ሙቁ ከኋላና ከላይ ይውጣ። የሚያስገቡት ፋኖች ከሚያስወጡት በቁጥር ይብለጡ፤ እነሱም ማጣሪያ ይኑራቸው። እንዲህ ሲሆን ኬዙ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭ ስለሚበልጥ አቧራ በየስንጥቁ አይገባም።

ስለ አቧራ ካነሣን ዘንድ በሰበታና በቡራዩ አስፋልት ባልደረሰበት ሰፈር የሚኖር ሁሉ ጠላቱን ያውቀዋል። ከአቧራውም የሚብሰው የማድቤት ጢስና የቡና ጊዜ ዕጣን ነው። ጢሱ በክንፎቹ ላይ እንደ ሙጫ ይለጠፍና አቧራውን ይይዝለታል። መሣሪያው ከማድቤት ይራቅ፤ ከወለልም ከፍ ይበል፤ በበጋ ማጣሪያው በየወሩ ይጽዳ። መስኮት መክፈት መድኃኒት አለመሆኑ በዚህም ይታወቃል፤ ብርዱ ሲገባ አቧራው አብሮት ይገባልና።

7ኛ፤ አዲስ ራይዘን በመጀመሪያ ሲነሣ ራሙን እስኪያጠና ድረስ ለብዙ ደቂቃ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ተበላሽቷል ብሎ ሶኬት መንቀል አይገባም፤ መታገሥ ነው።

ረ. ስለ መብራት

የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ነገር ግን ኃይል በአገር ደረጃ መኖሩና በአንድ ሰፈር መስመር ጫፍ ላይ ሳይዋዥቅ መድረሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ምሳሌው በየቤታችን ነው። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይስባል። ከትራንስፎርመሩ እስከ ቤቱ ያለው ሽቦ 1 ኦም መከላከያ ቢኖረው፥ ምጣዱ ሲጣድ በቤቱ ያለው ቮልቴጅ በ16 ይወድቃል። ጎረቤቶችም በዚያው ሰዓት ቢጋግሩ ይብሳል። ስለዚህ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ረጅም ስሌት አለመጀመር የሚያሳፍር አይደለም፤ ከቤቱ እመቤት ጋር መመካከር ግን ግዴታ ነው።

የኮምፒዩተሩ ፓወር ሰፕላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል ቢሆን ይመረጣል። መብራት ጨርሶ ሲቋረጥ ግን በሙሉ ሥራ ላይ ሳለ ሊያቆየው የሚችለው 16 ሚሊ ሰኮንድ ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የሚያድነው ዩፒኤስ ነው። ዩፒኤስ ሲገዛ 1,000 ቪኤ ማለት 1,000 ዋት ማለት አለመሆኑ ይታወቅ፤ ብዙዎቹ ርካሽ ዓይነቶች ከዚህ የሚሰጡት 600 ዋት ያህል ነው።

ጥቂት ሰው የሚያስተውለው አንድ ነገር እዚህ ላይ እንጨምር። ስስ አየር ሙቀትን በደንብ እንደማይሸከም ሁሉ ኤሌክትሪክንም በደንብ አይከለክልም፤ ብልጭታ በከፍታ ስፍራ በቀላሉ ይዘላል። ስለዚህ በአንዳንድ ፓወር ሰፕላይና ቻርጀር ላይ ዕቃው ከ2,000 ሜትር በታች ብቻ እንዲሠራበት የሚያስጠነቅቅ የተራራ ሥዕል ያለበት ምልክት ይገኛል። ሦስቱም ከተሞቻችን ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው። ገዢ ሁሉ ምልክቱን ይመልከት፤ 5,000 ሜትር የሚል ከተገኘ እሱ ይመረጥ።

ሰ. ስለ ማስተካከል

በሌላ አገር «ኮምፒዩተሬን አስተካከልሁ» የሚል ወጣት ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካው ፍጥነት በላይ አስሮጥሁት ማለቱ ነው፤ ይህንም ኦቨርክሎክ ይሉታል። እኛ የምንመክረው ተቃራኒውን ነው። የዛሬ ፕሮሰሰር ከፋብሪካው ሲወጣ ጣሪያው ላይ ደርሶ ነው የሚወጣው፤ የቀረችው ጥቂት ፍጥነት የምትገኘው በብዙ ሙቀት ነው።

መጀመሪያ ባዮስን ማደስ ያስፈልጋል። ይህ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ራሳቸውን እንደሚጎዱ ኩባንያው አምኖ፥ በነሐሴና በመስከረም ማረሚያ አወጣ፤ የዋስትናውንም ጊዜ በሁለት ዓመት አራዘመ። ማረሚያው የሚደርሰው በባዮስ በኩል ነው። እንዲህ ያለውን ፕሮሰሰር አሮጌ ባዮስ ባለው ማዘርቦርድ ያሠራ ሰው፥ የገዛ ዕቃው ቀስ በቀስ ሲደክም አያውቅም።

ቀጥሎ የኃይል ጣሪያ መወሰን ነው። ራይዘን 9 9950ኤክስ በባዮስ ውስጥ ኢኮ ሞድ የሚባል ምርጫ አለው። የ105 ዋቱ ቢመረጥ ትክክለኛው ጣሪያ 142 ዋት ይሆናል፤ ከ230 ዋት ወረደ ማለት ነው። ኤሌክትሪኩ ከሲሶ በላይ ሲቀነስ ፍጥነቱ ግን የሚቀንሰው ከዚያ እጅግ ባነሰ መጠን ነው። ምክንያቱ ከላይ የጠቀስነው የቮልቴጅ ካሬ ሕግ ነው። ኃይሉ ሲወርድ የማቀዝቀዣው ችግር፥ የዩፒኤሱ ችግርና የመብራቱ ሂሳብ በአንድነት ይቀልላሉ።

ከዚያ በኋላ ቮልቴጁን ጥቂት ጥቂት ዝቅ ማድረግ ይቻላል። አንድ ደረጃ ብቻ ዝቅ አድርጎ ሌሊቱን በከባድ ሥራ መፈተን፥ ስሕተት ካልተገኘ ሌላ ደረጃ መውረድ፥ ስሕተት ሲገኝ ሁለት ደረጃ መመለስ ነው። ራምም ከፋብሪካ የተጻፈለትን ፍጥነት፥ ኤክስፖ ወይም ኤክስ ኤም ፒ በሚባለው ምርጫ፥ ካልተሰጠው በስተቀር በዝቅተኛ ፍጥነት ይሠራልና ይህን መርሳት አይገባም። መሣሪያው የሚሠራው የመመረቂያ ጽሑፍ ስሌት ከሆነ፥ የተሳሳተ መልስ በፍጥነት ማግኘት ከዘገየ መልስ የከፋ ነው።

በመጨረሻ የፋኑን ፍጥነት እንደ ከፍታችን ማስተካከል ነው። ፋብሪካው ያዘጋጀው የፋን ሠንጠረዥ ሱሉልታን አስቦ የተሠራ አይደለም። ፕሮሰሰሩ 60 ዲግሪ ሲደርስ ፋኑ ፋብሪካው ከወሰነው በሲሶ ያህል ፈጥኖ ይዙር። የክፍሉ ሙቀት፥ የፕሮሰሰሩ ሙቀትና ፍጥነቱ በደብተር ይመዝገቡ። በየወሩ ያው ሥራ ተሠርቶ ቁጥሩ ከባለፈው ጋር ሲነጻጸር አቧራው መቼ እንደ ተጠራቀመ፥ ፔስቱም መቼ እንደ ደረቀ ደብተሩ ይናገራል።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፥ የነገሩ ጠቅላላ ሐሳብ ይህ ነው። ብርዱን ደጋው በነጻ ሰጥቶናል፤ ወደ ሲሊኮኑ የሚያደርስልን ግን የለም። ማድረሱ የእጃችን ሥራ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ስናወጣ በመጀመሪያ ለጥሩ ፓወር ሰፕላይና ለዩፒኤስ፥ ቀጥሎ ለአየር መንገዱና ለማጣሪያው፥ ከዚያም ለሚገባው ማቀዝቀዣ እናውለው፤ የሚያበራ ጌጥ ከተረፈ ይሁን። ጥንቃቄ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። እኛን ሦስት ሳምንት ያስቆመን የተራራው ከፍታ አልነበረም፤ ያልተላጠች ላስቲክ ናት። ይህን ጽሑፍ አንብቦ አንድ ሰው እንኳ ማቀዝቀዣውን ከመግጠሙ በፊት ገልብጦ ቢያይ፥ የጻፍንበት ምክንያት ተፈጽሟል።